ስለ አዲስ አዝመራ ንግድና ስለ ሥራ መሪው፤ ለወልድያ፥ ለመርሳና ለሀብሩ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች

ቀድሞ በብዙ መንግሥታት ሕግ የተከለከለ አንድ ተክል ዛሬ በአንዳንድ አገር በፈቃድ እየተዘራ፥ በኩባንያ እየተሸጠ፥ የኩባንያውም አክሲዮን በገበያ እየተለወጠ ይገኛል። ይኸውም ካናቢስ የሚባለው ነው። ወሬው በሬዲዮና በእጅ ስልክ ወደ ወልድያም ወደ መርሳም መድረሱ አይቀርምና፥ «የሀብሩ ቆላ ለዚህ ተክል አይስማማምን? ፈቃድ አለኝ የሚል ባለ ገንዘብ መሬት ቢጠይቀን ምን እንመልስለት?» የሚል ጥያቄ በአስተዳዳሪዎችና በባለ ይዞታዎች ዘንድ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይሆንም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ነገር ግን ስለ ተክሉ አዘራርና አበቃቀል አንድ ቃል እንኳ አንጽፍም፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች ይታያል። የምንጽፈው አዲስ አዝመራ ንግድ ሆኖ ሲነሣና ኋላም ሲጎለምስ፥ የሚመራው ሰው ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚገባው ነው። ካናቢስን ለምሳሌ የመረጥነው፥ ከመጀመሪያው ተስፋ እስከ ኪሣራው ያለውን መንገድ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሮጦ የጨረሰ፥ ስለዚህም ሁሉ ነገሩ ባንድ ጊዜ ለዓይን የሚታይ ንግድ በመሆኑ ነው።

አስቀድሞ ሕጉን እናስታውስ። በኢትዮጵያ ካናቢስን መዝራት፥ ማዘጋጀት፥ መነገድና መጠቀም ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ይከለክለዋል። ለሕክምና የሚያገለግሉትን አደንዛዥ መድኃኒቶች በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለ ሥልጣን ነው፤ የወረዳ ወይም የዞን ጽሕፈት ቤት ለዚህ ተክል ፈቃድ ለመስጠት ሥልጣን የለውም። እንግዲህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ወደ መርሳ የመጣ ሰው ቢኖር፥ መሬት ከመለካት በፊት ወረቀቱን ለሕግ ሰዎች ማሳየት የሹሙ ፋንታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን 27 ለ25 በሆነ ድምፅ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከተባሉት መደብ አውጥቶታል በማለት፥ ይህን እንደ ፈቃድ የሚጠቅሱ ሰዎች ይገኛሉ። አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ይናገራሉ። ተክሉ እስከ ዛሬ በ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች አንዱ ነው፤ እያንዳንዱም መንግሥት በአገሩ ሕግ ይከለክል ዘንድ መብቱ እንደ ተጠበቀ ነው።

ስለ ስሙም አንድ ነገር እንጨምር። በከተማ ብዙ ሰው ካናቢስን «ዕፀ ፋርስ» ይለዋል፤ በባላገር ግን ይህ ስም ላስተናግር፥ በየቤቱ ጓሮና በየጉድፉ ዳር ለሚበቅለው እሾሃማ ፍሬ ላለው መርዘኛ ተክል ይሰጣል። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። በስም መመሳሰል ብቻ አንድ ገበሬ በጓሮው አስተናግር ስለ በቀለ ተከሶ እንዳይጉላላ፥ የቀበሌ ሹማምንት ተክሉን በዓይን ከሚለይ የእርሻ ሠራተኛ ጋራ ሳይማከሩ ክስ መጻፍ አይገባቸውም። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ስንናገር ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ስለ አገራችን ስንናገር ግን እንደ ራሳችን አቆጣጠር ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በካናዳ አገር በኦንታሪዮ ግዛት ስሚዝስ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ሄርሺ የተባለው ኩባንያ ቸኮላት የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረው። ፋብሪካው በ2008 ተዘጋ፤ ሠራተኛውም ተበተነ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ብሩስ ሊንተን የተባለ ሰው ከባልንጀራው ጋራ ኩባንያ አቁሞ፥ ያንኑ ባዶ ሕንፃ ይዞ፥ በመንግሥት ፈቃድ ለሕሙማን የሚሆን ካናቢስ ያበቅልበት ጀመር። ይህ ኩባንያ ኋላ ካኖፒ ግሮውዝ የተባለው ነው። ሊንተን ደፋር፥ አንደበቱ የቀና፥ ባለ ገንዘቡን በንግግሩ የሚማርክ ሰው ነበር። ሰው ሁሉ በሚያፍርበትና ባንኮች በሚሸሹት ሥራ ላይ ገንዘብ ለማሰባሰብ እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልግ ነበርና፥ ለጊዜው የተገባ ሰው ነበር ብንል አንሳሳትም።

በ2018 በኦክቶበር ወር የካናዳ መንግሥት ካናቢስን ለአዋቂ ሰው ሁሉ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ኮንስቴሌሽን የተባለው ትልቅ የቢራና የወይን ጠጅ ኩባንያ 5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ወደ ካኖፒ አገባ። ይህ ሁሉ ገንዘብ በእጅ ሲገባ ኩባንያው የመስታወት ቤት በመስታወት ቤት ላይ ይሠራ፥ በየአገሩ ቅርንጫፍ ይከፍት፥ ሌሎች ኩባንያዎችንም ይገዛ ጀመር። የኩባንያዎቹ መሪዎች እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩት «ማን የበለጠ ሸጠ» በማለት አልነበረም፤ «ማን የበለጠ ስፋት ያለው ማብቀያ አለው» በማለት ነበር እንጂ። ገዢውም እንደ ታሰበው አልመጣም። ሱቆች በዝግታ ተከፈቱ፤ ያለ ፈቃድ የሚሸጠው ሰው ግብር ስለማይከፍል ዋጋው ረከሰ፤ ምርቱ ግን ሁሉ ባንድ ጊዜ ደረሰ። ያልተሸጠው ምርት ተከማችቶ ኋላ እንዲጠፋ ተደረገ።

በ2019 ካኖፒ በሩብ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ300 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ኪሣራ አስታወቀ። በጁላይ ወር ሊንተን ራሱ ካቆመው ኩባንያ ከሥራ መሪነቱ ተሰናበተ። በ2020 መጀመሪያ በስፍራው የተቀመጠው ዴቪድ ክላይን የተባለው የዚያው የቢራው ኩባንያ የገንዘብ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ይህ ሰው ሥራውን በጀመረ በጥቂት ወር ውስጥ በምዕራብ ካናዳ የነበሩትን ሁለት ታላላቅ ማብቀያዎች ዘጋ፤ ስፋታቸው ባንድነት ወደ 28 ሄክታር ይደርስ ነበር፤ 500 ያህል ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። አውሮራ የተባለው ሌላው ታላቅ ኩባንያም እንዲሁ በዚያው ዓመት መሪውን ለወጠ፤ በኤድመንተን አቅራቢያ በኩራት የሠራውንም ማብቀያ ኋላ ዘጋው። በ2023 ካኖፒ 800 ሠራተኞችን አሰናብቶ የስሚዝስ ፎልሱንም ሕንፃ ዘጋ። ሕንፃውን የገዛው ማን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ፥ የቀድሞው ባለቤቱ ሄርሺ ነው። ቸኮላት ሠሪው ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚተርከው «ደፋሩ አጠፋ፥ ሒሳብ ዐዋቂው አዳነ» በማለት ነው። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። ሒሳብ ዐዋቂው የመጣው ሕንፃው ሁሉ ከተሠራ፥ ገንዘቡም ከፈሰሰ በኋላ ስለሆነ፥ የቀረለት ሥራ የትኛውን አስቀድሞ እንደሚዘጋ መምረጥ ብቻ ነበር። ጥፋቱ ደፋር ሰው መሪ መሆኑ አይደለም፤ ደፋሩ በሚሮጥበት ጊዜ ልጓሙን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ከጎኑ አለመኖሩ፥ ወይም ኖሮ አለመሰማቱ ነው። በምርት ዓመት የሚመሰገነው ጠባይ በክረምቱ መጨረሻ ጎተራ ሲጎድል ከሚያስፈልገው ጠባይ ይለያል፤ ሁለቱም ባንድ ሰው ላይ የተገኙ እንደ ሆነ ዕድል ነው፤ ያልተገኙ እንደ ሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ሰው መሾም ይገባል።

ከአፍሪካ አገሮች ሌሶቶ በ2017 ለሕክምና የሚሆን ካናቢስ እንዲበቅል የመጀመሪያውን ፈቃድ ሰጠች፤ ዚምባብዌ በ2018፥ ማላዊም በ2020 ሕግ አወጡ። ለሹማምንት ትምህርት የሚሆነው ግን የሞሮኮ አሠራር ነው። በሞሮኮ ሰሜን በሪፍ ተራራ ገበሬው ከብዙ ዘመን ጀምሮ በስውር ይዘራው ነበር። መንግሥት በ2021 ቁጥር 13-21 የተባለውን ሕግ ሲያወጣ አገሩን ሁሉ አልከፈተም፤ አል ሆሴይማ፥ ሸፍሻወንና ታውናት የተባሉትን ሦስት አውራጃዎች ብቻ ፈቀደ። ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር አንድ ልዩ መሥሪያ ቤት አቆመ። ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበር ገብቶ፥ ከዘሩ አስቀድሞ ገዢ ከሆነው ኩባንያ ጋራ እንዲዋዋል፥ ከሚፈለገው መጠን በላይ የተመረተውም እንዲጠፋ ደነገገ። በ2023 የተሰበሰበው የመጀመሪያው ሕጋዊ ምርት 294 ቶን ብቻ ነበር። በ2024 ደግሞ ንጉሡ በዚህ ተክል ምክንያት ተፈርዶባቸው ወይም ሲፈለጉ ለነበሩ ከ4,800 ለሚበልጡ ሰዎች ምሕረት አደረጉ፤ ገበሬው ከፍርሃት ወጥቶ ወደ ማኅበሩ እንዲገባ መንገድ ሆነለት።

በካናዳ ኩባንያው ሮጦ ገበያውን ቀደመው፤ በሞሮኮ መንግሥት ገዢው ሳይታወቅ ዘር እንዳይወድቅ ከለከለ። የሞሮኮው መንገድ ዝግተኛ ነው፤ ገበሬውም በዝግታው ሲያማርር ይሰማል፤ ነገር ግን 28 ሄክታር የመስታወት ቤት ሠርቶ ከመዝጋት ይሻላል። ይህን ስናመሰግን እኛም እንደ ሞሮኮ ሕጋችንን እንለውጥ ማለታችን አይደለም፤ ሕጉ እንዳለ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለማንኛውም የገበያ አዝመራ ይሆናል።

በአገራችን ወደዚህ ነገር የሚቀርበው በሕግ ያልተከለከለው ጫት ነው። ከሐረርጌ አወዳይ በየቀኑ የሚጫነው ጫት ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ግድም ኃይሉን ስለሚያጣ፥ የንግዱ መሪነት የወደቀው ፈጣን መኪናና አውሮፕላን፥ ደግሞም በየኬላው የሚያውቀው ሰው ባለው ነጋዴ እጅ ነው። በ2013 የበጀት ዓመት ጫት ለአገሪቱ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብቷል። ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ሆላንድ፥ በ2014 ደግሞ እንግሊዝ ጫትን በሕግ ሲከለክሉ፥ በኬንያ በሜሩ አውራጃ ለለንደን ገበያ ብቻ ይለቅም የነበረው ገበሬ ባንድ ሌሊት ገዢ አጣ። እንግዲህ የእንዲህ ያለ ንግድ መሪ ሁልጊዜ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ምን ያህል አተርፋለሁ?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «በሬን ሊዘጋብኝ የሚችል ማነው? የዘጋ ዕለትስ ለገበሬው ምን እከፍለዋለሁ?» የሚል ነው። በወሎ ቆላና ወይና ደጋ ጫት የሚይዝ ባለ ይዞታም ይህንኑ ራሱን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ጫት ቋሚ ተክል ስለሆነ፥ ገበያው በተዘጋ ዓመት ነቅሎ ማሽላ ልዝራ ቢል ቀላል አይሆንለትም።

መሪ በጊዜው ስለ መለወጡ ከራሳችን አገር አንድ መልካም ምሳሌ አለን። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ። ሐሳቡን ያመነጩ፥ ገንዘቡንም ያሰባሰቡ፥ ነጋዴውን ያሳመኑ እርሳቸው ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. መባቻ ግድም ግን ሥራውን ለሌላ አስረክበው ሄዱ፤ ገበያው ቆመ እንጂ አልወደቀም። ኋላም የመጋዘኑ ሥራ ራሱን ችሎ ከግብይቱ ድርጅት ተለየ፤ እህሉን የሚጠብቀው ሰው እህሉን ከሚያሻሽጠው ሰው መለየቱ ለባለ እህሉ ዋስትና ነውና። ቆላው ወሎ የሚዘራው ማሾ በዚሁ ገበያ በ2006 ዓ.ም. መሸጥ ጀምሯል፤ ቀድሞ የአንድ ኪሎ ዋጋ በመንገድ ዳር ደላላ አፍ የሚወሰንበት እህል ነበር።

አሁን ወደ ሀብሩ እንመለስ። ሀብሩ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና ላይ፥ መርሳን ዋና ከተማው አድርጎ፥ በደቡብ ከሚሌ ወንዝ ተነሥቶ በምሥራቅ እስከ አፋር ወሰን የሚደርስ ወረዳ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ700 እስከ 1,900 ሜትር ድረስ ስለሆነ ማሽላውም ጤፉም ይሆንለታል፤ ውሃ በተገኘበትም ሽንኩርትና ፍራፍሬ ያበቅላል። መሬቱን አይቶ የሚጎመጅ ባለ ገንዘብ ቢመጣ አንፈርድበትም። ነገር ግን ይህ አገር በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ሕዝብ የፈጀውን ረኃብ፥ ደግሞም የ1977ቱን ያየ አገር ነው። በልጉ የቀረ እንደ ሆነ ክረምቱን በጭንቅ የሚጠባበቅ ሕዝብ ነው። ስለዚህ በሀብሩ የአዲስ አዝመራ ንግድ ጥያቄ ሁሉ መጨረሻው የውሃ ጥያቄ ነው፤ በጊራና ሜዳ ከምድር ውስጥ የሚወጣውም ውሃ ቢሆን ያለ ልክ የሚቀዳ አይደለም።

በዚህ ነገር ባላገሩ ከካናዳ ኩባንያዎች የቀደመ ዕውቀት አለው። በወሎ መስኖ ባለበት ስፍራ «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ። ከቦዩ የሚጠጡት ገበሬዎች ራሳቸው ይመርጡታል። ቦዩ ከደለል እንዲጠረግ ሰው ያዛል፤ ተራ ያወጣል፤ ያለ ተራው ውሃ የጠለፈውን ይዳኛል። የራሱም እርሻ ከዚያው ቦይ ይጠጣል። በነሐሴ ውሃ ሞልቶ ሲፈስ የውሃ አባት መሆን ለማንም ቀላል ነው፤ ሁሉም ወዳጁ ነው። በግንቦት ውሃው እንደ ክር ሲቀጥን ግን ማን ለራሱ ወገን እንዳደላ፥ ማን ለመበለቲቱ ተራዋን እንደ ጠበቀላት ይታወቃል። ያደላ ከሆነ በሚቀጥለው ምርጫ ይሻራል። የእርሱ የሒሳብ መዝገብ በእያንዳንዱ ማሳ ላይ የሚታየው እርጥበት ነውና ሊደብቀው አይችልም።

የጎለመሰ ንግድ ማለት የግንቦት ውሃ ማለት ነው። ዋጋ ረክሷል፤ ተወዳዳሪ በዝቷል፤ ባንኩ ብድሩን ይጠይቃል፤ ሁሉም ድርሻዬን ስጠኝ ይላል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው መሪ ተራ የሚያወጣ፥ የሚጠርግ፥ የሚዳኝ ሰው ነው። የራሱም ጥቅም ከገበሬው ጋራ ባንድ ቦይ ላይ የሆነ ሰው ሊሆን ይገባዋል፤ ገበሬው በተጠማበት ዓመት ደመወዙ ሳይነካ የሚቀመጥ መሪ፥ ከሌላ ወንዝ የሚጠጣ የውሃ አባት ማለት ነውና።

እንግዲህ በሕግ የተፈቀደ አዝመራ፥ ሽንኩርት ወይም ፍራፍሬ ወይም ማሾ ይሁን፥ በሰፊው እዘራለሁ የሚል ሰው ወደ ወልድያ ወይም ወደ መርሳ ጽሕፈት ቤት ሲመጣ ሹሙ ከመሬቱ ስፋት በፊት ሰውዬውን ይመርምር። ቀድሞ የመራው ሥራ የት ነው? ያ ሥራ እርሱ ከለቀቀው በኋላ ቆሞአል ወይስ ፈርሶአል? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ብዙዎች ግን አይጠይቁትም። ስለ ዕቅዱ ሲናገር ሄክታር ብቻ ቢቆጥርና ገዢውን በስም መጥራት ባይችል፥ የስሚዝስ ፎልስ ነገር ትዝ ይበላችሁ። የገዢውን ውል ባያሳይ መሬቱን ከፍሎ በጥቂቱ እንዲጀምር ማድረግ ነውር አይደለም፤ ሞሮኮም እንዲሁ ነው ያደረገችው። ሐዲድ ይመጣልና ምርቴን በባቡር እጭናለሁ ቢላችሁም፥ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የሐዲድ ሥራ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. መሆኑን፥ የአትክልት ነጋዴው ግን እስከ ዛሬ ዕቃውን በመኪና የሚጭን መሆኑን አስታውሱት። በሌላ ሰው ተስፋ ላይ የራሱን ዕቅድ የሚሠራ መሪ፥ ተስፋው በዘገየ ጊዜ የሚከፍለው ከገበሬው ኪስ ነው።

ዘርን በሚመለከትም ከመርሳ ሳትርቁ የምትጠይቁት አለ። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ በሀብሩ ምድር ነው። ማሽላውን ከአቀንጭራና ከዝናብ ማነስ ለማዳን ብዙ ዘመን የደከመ ቤት ነው፤ «ጊራና አንድ» የተባለው የማሽላ ዘር ስሙን ያገኘው ከዚህ አገር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ጩኸት የለውም፤ አክሲዮንም አይሸጥበትም። አዲስ ዘር ከውጭ አመጣሁ የሚል ባለ ገንዘብ በሲሪንቃ ሳይፈተን በገበሬው ማሳ ላይ እንዳይበትን መከልከል የወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ግዴታ ነው። የመርሳ የእርሻ ኮሌጅና የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከጎናችሁ ናቸው፤ ሒሳብና ሥራ አመራር የተማሩ የአገር ልጆች እያሉ ሥራ አስኪያጅ ሁሉ ከአዲስ አበባ ይምጣ የሚባልበት ምክንያት አይታየንም።

ለባለ ይዞታዎችም የምንለው አለን። አያቶቻችሁ ባለ ርስት ወይም ጭሰኛ ይባሉ ነበር፤ ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ግን መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እናንተ የመጠቀም መብት ያላችሁ ባለ ይዞታዎች ናችሁ። ስለዚህ ለነጋዴ የምታከራዩት መሬቱን ሳይሆን የጉልበታችሁንና የዘመናችሁን ፍሬ ነው። ኪራዩ በጥሬ ብር ተወስኖ ለብዙ ዓመት የታሰረ እንደ ሆነ፥ ዋጋ በናረ ጊዜ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ፤ ነጋዴው በከሰረ ጊዜ ደግሞ ጥሎት የሚሄደው ማሳ ምን ዓይነት ማሳ እንደሚሆን አስቀድማችሁ በውሉ አስጽፉ። የበቀለውን ነቅሎ፥ ቧንቧውን አንሥቶ፥ ቦዩን ጠርጎ ይሂድ። በካናዳ የተዘጉት ማብቀያዎች ሌላ ገዢ ሊያገኙ ይችላሉ፤ በሀብሩ ግን የተበላሸ ማሳ የሚገዛ የለም፤ የሚወርሰው ልጃችሁ ነው።

ባለ ይዞታው ለነጋዴ ከማከራየት ይልቅ በማኅበር ሆኖ ራሱ ቢሠራ እንደሚመረጥ በብዙ ቦታ ታይቷል፤ ነገር ግን የማኅበርም አመራር የራሱ ሕመም አለው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ጠቅላላ ጉባኤን፥ ሥራ አመራር ኮሚቴንና ተቆጣጣሪ ኮሚቴን ለይቶ አቁሞአል። ሕጉ መልካም ነው፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ብዙ ጊዜ ቁልፉም፥ ማኅተሙም፥ መዝገቡም ባንድ ሊቀ መንበር ኪስ ውስጥ ይገኛል። ሰውዬው ጨዋ ቢሆን እንኳ ይህ አይገባም፤ ታሞ የተኛ ዕለት ማኅበሩም አብሮት ይታመማልና። ተመራጩ ሊቀ መንበር አሳቡን ይምራ፤ የተቀጠረው ሥራ አስኪያጅ ይሽጥ ይግዛ፤ ቁልፉን ሦስተኛ ሰው ይያዝ። ሊቀ መንበሩ የሥራ አስኪያጁን ሥራ በየቀኑ እየገባ የሚያምስ ከሆነ ደህና ሥራ አስኪያጅ አይበረክትም፤ ሥራ አስኪያጁም ለጉባኤው ሒሳብ ካላሳየ ደህና ማኅበር አይበረክትም። የወረዳ ሹም በዚህ መካከል የሚገባው ለመቆጣጠር ነው፤ የራሱን ሰው ለማስመረጥ የገባ እንደ ሆነ ግን በኋላ የሚመጣው ኪሣራ ሁሉ በስሙ ይጻፋል።

በመጨረሻ ስለ መዝገብ አያያዝ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን በያዘ ጊዜ የሲሪንቃ ማዕከል ተዘርፏል፤ በየጽሕፈት ቤቱ የነበረም ብዙ ሰነድ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ የኪራይና የድንበር ክርክር በሰው ምስክር ብቻ እንደሚታይ እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ማንኛውም የአዲስ አዝመራ ውል ሲጻፍ በአራት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፥ አንዱ በወልድያ በዞኑ፥ አንዱ በባለ ይዞታው እጅ ይቀመጥ። አራተኛው፥ የመስኖ ተራው ቀንና ሰዓት ተለይቶ የተጻፈበት፥ ለቀበሌው የውሃ አባት ይሰጥ።